ያልተቋረጠው መስመር

ገመዱማ አይደለም፣ ሁለቴ ነቅላ ሰክታዋለች፣ የሞደሙ መብራቶች እንደ ወትሮው ይበራሉ፣ ትዕዛዙን ጥቁሩ ስክሪን ላይ ስትጽፍ ግን መልሱ ያው ነው፣ የመስመር ድምፅ የለም። የለም። ማሽኑን የገጠመላት ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ስልኩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክታ ደወለችለት፣ ደህና ይሰራል፣ እታለም አንቺ እኮ የነካሽው ሁሉ ይታመማል ብሎ ሳቀ፣ በይ መዝገቡን ክፈቺ፣ ማሽኑ የሰራውን ሁሉ እየጻፈ ያስቀምጣል፣ ከታች ወደ ላይ አንብቢልኝ።

እየጻፈ ያስቀምጣል። ይህን አላወቀችም።

ዛሬ፣ ደወለ፣ አልተሳካም፣ ትላንት፣ አልተሳካም፣ እሺ ቀጥይ ይላል ወንድሟ፣ ዓይኗ ግን ጥሏት ወጥቷል፣ ሐሙስ ላይ ቆሟል፣ ጠዋት ተገናኘ፣ ለሦስት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ሳይቋረጥ ቆየ። እንዲህ ጸንቶ አያውቅም። እማዬ መኝታ ቤቷ ያለውን የዚሁኑ መስመር ስልክ ባነሳች ቁጥር ግንኙነቱ ይበጠሳል፣ ለማተሚያ ቤቱ የምትልከው ገጽ መሃል ላይ ይቀራል፣ ረቡዕ ጮኸችባት፣ እማዬ በዚህ ስራ ነው የምንበላው፣ እኔ መስመር ላይ ሳለሁ ሰማይ ቢታረስ ስልኩን እንዳትነኪው፣ እማዬም እሺ የኔ እመቤት አለች፣ እጄን አስሬ እቀመጣለሁ።

እጇ። ቀኙ ዛሬ ማንኪያ አይጨብጥም።

ሐሙስ ሳሎኑን ዘግታ ገጽ ስትልክ፣ እንዴት ዛሬ ቀናኝ እያለች፣ ደስ ብሏት፣ እማዬ አልጋው ስር ወድቃ፣ ስልኩ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም፣ ግራ እጇ ደህና ነበር፣ ስትደርስላትም በተጣመመ አፏ ምን አለች፣ ስራሽን ጨረስሽ?

ያን ቀን ወንድሟ እማዬ ለምን አልደወለችም ሲላት መስመሩ ጠፍቶ ነበር አለችው፣ ቃሉ አፏ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ይመስል፣ እሱም የዋህ፣ የስልክ ሰራተኞቹን እስከ ሰባት ቤታቸው ሲረግም ዋለ። አሁንም ስክሪኑን አያይም። አንድ መስመር መዝለል ነው፣ ከዐርብ ወደ ረቡዕ፣ ማን ያውቃል፣ እማዬ እንደሁ ብትሞትም አትናገርባትም፣ እሱ ነው የባሰው፣ አለመናገሯ።

የት ደረስሽ፣ ይላል።

ሐሙስ ላይ፣ ትላለች፣ መስመሩ አልጠፋም ነበር፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰርቷል፣ እኔ ነኝ ስልኩን እንዳትነኪ ያልኳት።

ከወዲያ ማዶ ይተነፍሳል፣ ትሰማዋለች፣ ጆሮዋ እስኪያልበው ስልኩን አስጠግታ፣ አልዘጋባትም፣ ገና አልዘጋባትም