የኦቦ ተሬፋ ጆሮ

«እስቲ ደግመህ አስነሳት» አሉ ኦቦ ተሬፋ፣ ከኮፋኖው ሥር ቀና ሳይሉ።

ቀነዓ ቁልፉን አዞረ። አሮጌዋ ዲኤክስ ተነሳች፣ ተንቀጠቀጠች፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ድርግም አለች። ከጠዋት ጀምሮ ይኸው ነው። ነዳጅ ካልሰጧት ቆማ መሥራት አትችልም፤ ሚኒሞ አልይዝ ብላለች። ኦቦ ተሬፋ ካንዴላዎቹን ለውጠዋል፣ ካርቡራተሩን ፈተው አጥበው ገጥመዋል። አሁን ደግሞ እንደገና ሊፈቱት ካቻቢቴያቸውን ይፈልጋሉ።

ከጋራዡ ግድግዳ ሥር የቀነዓ ሚስት ጊፍቲ አራስ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከአምቦ ሆስፒታል ገና መውጣቷ ነው። እናቷ ቤት፣ ሸነን ወርዳ ልትታረስ ነው ሐሳቧ። ገንፎው እዚያ ሳይቀዘቅዝ አይቀርም።

ለንሳ ከመኪናዋ ማዶ ቆማ አባቷን ኦቦ ተሬፋን ታያለች። እሷ ከሰማችው ቆይታለች። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር በሾፌሩ በኩል ከሞተሩ ኋላ «ስስስ» የሚል ቀጭን ድምፅ አለ፤ አየር የሚሰርቅ ቱቦ ድምፅ። ይህን ድምፅ መለየት ያስተማሯት ደግሞ ራሳቸው ኦቦ ተሬፋ ናቸው። አንዲት ቁራጭ ቱቦ አለቻቸው፤ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ገጥመው ሌላውን በሞተሩ ዙሪያ እያዞሩ እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ። ከጊንጪ ሳይቀር «እሳቸው በጆሯቸው ይስሙልኝ» እያለ የሚመጣ ሾፌር አለ። ዛሬም አዳምጠዋል። ቁራጯ ቱቦ ድምፁ ከሚወጣበት አጠገብ ደርሳ ስታልፍ ለንሳ በዓይኗ አይታለች።

«አባዬ፣ የፍሬን ሰርቮውን ቱቦ ብናየውስ?»

«ማል?»

«ምን?» ማለታቸው ነው። ሰሞኑን ይህች «ማል» በዝታለች። ቤት ውስጥ ሬዲዮኑ ጎረቤት እስኪሰማው ድረስ ይከፍቱታል። እናቷ ድንቅቱ «አባትሽ ኮርቶብናል፣ ሲጠሩት አይመልስም» ትላለች። ኩራት በሆነና ለንሳ በሳቀች።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችላቸው።

«እሱን ተዪው። ክረምት ላይ እኔው ነኝ ያሰርኩት።»

እውነታቸውን ነው። ቱቦው ሲሰነጠቅ ምትክ ስለጠፋ በካላማዳሪያ ጎማ ጠምጥመው በሽቦ አጥብቀውት ነበር። የማያደርገው ጋራዥ የለም። ሙቀትና ቤንዚን እንዲህ ያለውን ጎማ እንደሚበላውም የማያውቅ መካኒክ የለም፤ ራሱ ያሰረው ሲሆን ግን ይረሳዋል።

ቀነዓ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ኦቦ ተሬፋ፣ በቃ ሚኒሞውን ከፍ ያድርጉልኝና ልሂድ። ጥላውም እየሸሸባት ነው።»

ይህን ሰሙት፤ አፉን እያዩት ስለነበር ነው። «ቶሌ፣ እሱ ይሻላል» አሉ እንደ መገላገል ብለው፣ የሚኒሞዋንም ቡሎን አጠበቁ። ዲኤክሷ እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን ሳትጠፋ ቆመች።

«ፍሬኑስ?» አለች ለንሳ።

«ትንሽ ደርቋል። ጠንከር አድርጌ ስረግጠው ይይዛል» አለና ቀነዓ ጓዙን ሊያነሳ ወደ ጊፍቲ ሄደ።

ለንሳ ምክንያቱ ገባት። ያ ቱቦ እኮ ፍሬኑን የሚያግዘው ነው። ባሰበት ጊዜ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ከፊታቸው ደግሞ የሸነን ቁልቁለት አለ። በደንበኛ ፊት «አባዬ፣ አትሰማም» ብትል ወሬው ሳይመሽ ከተማውን ያዳርሳል፤ ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ስም በአንድ ቀን ያልቃል። ዝም ብትልስ? ጊፍቲ ልጇን በፎጣ እየጠቀለለች ነበር።

ለንሳ ዞራ አባቷ አጠገብ ቆመች። ግሪስ የለበሰ እጃቸውን ይዛ እዚያ የጎማ እስር ላይ አስቀመጠችው።

ስንጥቁ መዳፋቸውን ስቦ ያዘው። ሞተሩ ረጋ አለ። እጃቸውን አነሱ፤ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ። መልሰው ከደኑት፤ ረጋ። ኦቦ ተሬፋ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከፋሲካ ወዲህ» አለቻቸው ጆሯቸው ሥር ተጠግታ።

«እናትሽስ?»

«ኮራብን ነው የምትለው።»

ሊስቁ ፈልገው አልሆነላቸውም። ወደ ግድግዳው ዞረው «ቀነዓ፣ ጓዙን አስቀምጥ። እንዲህ ሆና ቁልቁለት አትወርድም» ሲሉ ተጣሩ።

ለንሳ ጓሮ ከቆመች አሮጌ መኪና ላይ ደህና ቱቦ ፈትታ አምጥታ ገጠመች። ኦቦ ተሬፋ ሚኒሞውን ወደ ቦታው መለሱት። ዲኤክሷ ተነስታ ፀጥ ብላ ሠራች፤ ፍሬኑም ሲረገጥ ለስልሶ ወረደ።

«ያ ጆሮ አሁንም አለ ማለት ነው» አለ ቀነዓ ከመቀመጫው ፈገግ ብሎ። «ገለቶማ፣ ኦቦ ተሬፋ።»

ለንሳ ዕቃ እንደምትለቅም ሰው አቀረቀረች። ምስጋናውን ተቀብለው እንዲያልፉት ከልቧ ፈልጋ ነበር። ኦቦ ተሬፋ ግን ያቺን ቁራጭ ቱቦ ከኪሳቸው አወጡ፣ ጫፏን በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ እጇ ላይ አኖሩላት።

«አንዴ ውረድልኝ» አሉት ቀነዓን። «ከመሄድህ በፊት ለንሳ ታዳምጠው። ብልሽቱን ያገኘችውም እሷ ናት።»

የሾፌሩ ወንበር ላይ ገብተው እግራቸውን ነዳጁ ላይ አደረጉ። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው እያዩዋት «እንድጨምር ስትፈልጊ በእጅሽ አሳዪኝ» አሏት፣ ቀነዓ አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ። «ብትጠሪኝ አልሰማሽም።»