ጆሮው ሳይደርስ የተጻፈው ዝርዝር

ከአዲስ አበባ የመጣው ጠበቃ ወንበር ሲስብላት ነው ፊርደውስ መጀመሪያ የጠረጠረችው። በሰፊ ጥላ መድን ድርጅት ከሚሴ ቅርንጫፍ አራት ዓመት ስትሠራ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ "ደህና ነሽ?" ያላት ሰው እንኳ አልነበረም። ይኸኛው፣ ጌዲዮን የሚባለው፣ ቁጭ እስክትል ቆሞ ጠበቃት። ስለ እናቷ ሕመምም ጠየቃት። እናቷ መታመማቸውን ማን እንደነገረው ግን አልተናገረም።

"ትንሽ ፎርማሊቲ ናት፣ እህቴ" አለና ሁለት ገጽ ወረቀት ገፋ አደረገላት። "ገበሬዎቹ ለዞኑ ዓቃቤ ሕግ አመልክተዋል። እኛ ደግሞ ሠራተኛ ሜዳ ላይ አንጥልም። አንቺ ፈርሚ፣ የቀረውን ለእኛ ተዪው። ደሴ ላይ ደረጃው ከፍ ያለ ክፍት ቦታ አለ።"

ማንበብ ጀመረች። "ያለ አለቃዬ እውቅና፣ በራሴ ግምት፣ የካሳ ጥያቄዎችን ውድቅ አድርጌያለሁ" ይላል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ማስረሻ መስኮቱ ጋ ቆሞ መንገዱን ያያል። ከገባች ጀምሮ ፊቷን አላያትም።

"ጋሽ ማስረሻ፣ ይሄ እኮ..."

"አንብቢና ፈርሚ" አላት ሳይዞር።

ጌዲዮን ፈገግ አለ። "በነገራችን ላይ፣ እነዚያ ዝርዝሮች አንቺ ጋ ታትመው የተቀመጡ የሉም አይደል?"

"የምን ዝርዝሮች?"

"አይ፣ ከሌሉ ጥሩ ነው።"

"ዙሁር ደርሷል፤ ሰግጄ ልምጣ" ብላ ተነሣች። ወረቀቱን ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ ጌዲዮን መዳፉን ጫነበት። "እዚሁ ይቆይሻል።"

ባለፈው መስከረም ከሚሴ አጠገብ ያለውን የጨፋን ከብት በሽታ ፈጅቶት ነበር። ሰፊ ጥላ ከዚያ በፊት ዓመቱን ሙሉ በየገበያው በድምፅ ማጉያ "በሬዎ ቢሞት በሬ እንተካለን" ሲል ስለከረመ ብዙ ገበሬ ውል ገብቶለታል። አሠራሩ ቀላል ነው። በሬ ሲሞት ባለቤቱ በስልክ ያስመዘግባል፤ ከዚያ ቁጥር የተለጠፈበትን ጆሮ ቆርጦ ያመጣል፤ ቁጥሩ ከውሉ ጋር ከተመሳሰለ ይካሳል። በጨው ታሽቶ በፌስታል የሚመጣውን ጆሮ የምትቀበለው ፊርደውስ ነበረች። ከማስረሻ ደግሞ በቴሌግራም ዝርዝር ይላክላታል፤ "ከታች ስማቸው ያለው፣ ቁጥሩ አልተመሳሰለም ተብሎ ይመለስ" የሚል።

አንድ ሁለት ጊዜ "ይሄኛው እኮ ተመሳስሏል" ብላ ነበር።

"ዋናው መሥሪያ ቤት በኮምፒዩተር ያጣራውን አንቺ በዓይንሽ ልታርሚ ነው?" አላት ማስረሻ። ማህተሙን መታች፤ ፈረመች። አርባ አንድ ሰው እንዲህ መለሰች።

ከአርባ አንዱ አንዷ የጨፋ ሮቢቷ እትዬ አሻ ነበሩ። ሁለት በሬ ነው የሞተባቸው። ሁለቱን ጆሮ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግተው፣ "ዱጋውን ንገሪኝ፣ እውነቱን! ይሄ ቁጥር ከዚህኛው በምኑ ነው የሚለየው?" ሲሏት ፊርደውስ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

ከመስጊዱ እንደወጣች ስልኳን ከፈተች። ከማስረሻ ጋር የተጻጻፉበት ገጽ ባዶ ነበር። ትናንት ማታ ሁሉም ነበረ፤ አሁን አንድ ፊደል አልቀረም። ሰውየው መንገድ መንገዱን ሲያይ የነበረው ለካ ይህን ሠርቶ ነው! የስልኩን ማኅደር ፈተሸች። ከፍታ ያነበበቻቸው ዝርዝሮች ስልኩ ውስጥ ቀርተዋል፤ አሥራ አንዱም። የዋናው መሥሪያ ቤት የካሳ ኃላፊ ፊርማ አለባቸው። የእትዬ አሻ ስም ያለበት ዝርዝር ቀኑ ጥቅምት 14 ይላል። ጆሮዎቹ የመጡት ግን ከዚያ በኋላ እንደሆነ ታስታውሳለች። ደረሰኝ ቆርጣ የሰጠቻቸው እሷው ናት።

ወደ ቢሮ አልተመለሰችም። ጨፋ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ማስረሻ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሣችም። ከኋላ አንዲት ነጭ መኪና ስትከተላቸው ቆይታ ሚኒባሱን አልፋ ስትሄድ፣ ውስጧ ያለው በግ የጫነ ነጋዴ መሆኑን አየች። እንደዚያም ሆኖ ልቧ አልተመለሰም።

እትዬ አሻ በራቸው ላይ ማሽላ ሲያበጥሩ አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ሰፌዱን አስቀመጡ፤ ግን አልተነሡም።

"አካም ኦልታን፣ እንዴት ዋሉ እትዬ አሻ?"

"ማን ላከሽ?"

"ማንም አልላከኝም።"

"ያን ጊዜስ ማን ልኮሽ ነበር?"

ፊርደውስ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ዝርዝሩን አሳየቻቸው፤ ፈርሚ ስለተባለችው ወረቀትም ነገረቻቸው፤ ደረሰኙን ለመነቻቸው። አሮጊቷ ከእግር እስከ ራሷ አጤኗት።

"ደረሰኙን ይዘሽ ብትጠፊስ?"

"እርስዎ ይያዙት። አብረን እንሂድ።"

ደረሰኙ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቁርኣኑ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጥቅምት 18 ይላል።

በማግስቱ ሁለቱ ዓቃቤ ሕግ አመልማል ፊት ቀረቡ። ፊርደውስ እሷንም አላመነችም፤ ከማስረሻ ጋር ምሳ ስትበላ አይታታለች። አመልማል ሁሉንም አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

"አርባ አንዱም ላይ ፊርማሽ አለ።"

"አዎ።"

"ከመሰከርሽ መተባበርሽን ለፍርድ ቤቱ እነግርልሻለሁ። ነፃ ትወጫለሽ ብዬ ግን ቃል አልገባም።"

ፊርደውስ ቀለል አላት። ጌዲዮን ደሴን፣ ደረጃን፣ ሁሉንም ቃል ገብቶላት ነበር። ይህቺ ምንም አልገባችላትም። ቃሏን ሰጠች።

ክሱ የተመሠረተው በማስረሻ፣ በካሳ ኃላፊውና በፊርደውስ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ድርጅቱም ራሱን ችሎ በማታለል ወንጀል ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ከሚሴ ላይ ሲሰየም ከጨፋ የመጣው ገበሬ በረንዳውን ሞላው። ጌዲዮን ጥቁር ካባውን ለብሶ ተነሣ።

"የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ድርጅት እጅ የለውም። ማህተሙን የመታችው ይህቺ ሠራተኛ ናት፤ ራሷም አልካደችም።"

ዳኛው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። "ጥቅምት 14 ቀን እነዚህ ጆሮዎች የት ነበሩ?"

"እቤቴ ነበሩ፣ ጌታዬ!" አሉ እትዬ አሻ ሳይጠየቁ። ዳኛው ዝም እንዲሉ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ግን አልተቆጡም።

"ታዲያ ቁጥሩ አለመመሳሰሉን አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ያየው ማን ነው?"

ጌዲዮን ፋይሉን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። "ለማጣራት ጊዜ ይሰጠን" አለ በመጨረሻ።

ጊዜውም ተሰጠው፤ መልስ ግን አልመጣም። ከስድስት ወር በኋላ ድርጅቱ ጥፋተኛ ተብሎ ከባድ መቀጮ ተጣለበት፤ አርባ አንዱንም እንዲክስ ታዘዘ። የካሳ ኃላፊው ሦስት ዓመት፣ ማስረሻ አንድ ዓመት ተፈረደባቸው። ፊርደውስ ስድስት ወር ተፈርዶባት በገደብ ተለቀቀች። ውሳኔውን ስትሰማ አላለቀሰችም። አመልማልን ዞራ አየቻት፤ አመልማል ወረቀቷን ትሰበስባለች።

እትዬ አሻ በካሳው የገዙት አንድ በሬና አንድ ወይፈን ነው፤ የከብት ዋጋ ወጥቶ ሁለት በሬ አልደረሰላቸውም። ፊርደውስ የመድን ሥራ የሚሰጣት አጥታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። አንድ ቀን እትዬ አሻ የሌላ መድን ድርጅት ውል ይዘው መጡ።

"አንብቢልኝ" አሉ። "ያደረግሽውን ግን አልረሳሁትም።"

"አይርሱት፣ እትዬ።"

አንድ በአንድ አነበበችላቸው። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ መልሳ አነበበችው።

"ይህችን አልወደድኳትም" አለች።

"እኔም ድምፅሽን ሰምቼ አልወደድኳትም" አሉ እትዬ አሻ፤ ወረቀቱንም ሳይፈርሙ አጥፈው ከጉያቸው ከተቱት።