የጠርዙ ድምቀት

በንድፉ ላይ «የጠርዝ ድምቀት» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ያቺን ቃል ባልጽፋት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር እጣላባታለሁ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር፣ መሬት ውስጥ ላለው የባቡር ጣቢያ መብራቱን የነደፍኩት አባቴን እያሰብኩ ነው። ዓይኑ ከዓመት ዓመት እየደበዘዘ ሄዷል፤ ክንዴን ያዝ ስለው ግን ይቆጣል። ሰኞ ጣቢያው ሲከፈት በመጀመሪያው ባቡር እሄዳለሁ ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቷል። «የልጄ ባቡር» ነው የሚለው፤ የኔ ሥራ መብራቱ ብቻ ነው ብዬ ብነግረውም አልሰማ አለኝ። ወለሉ አልቆ ሐዲዱ የሚጀምርበት ጠርዝ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀጭን የብርሃን መስመር ያስገባሁት ለሱ ብዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ለርክክብ ስወርድ መስመሩ የለም። ጥቁሩ ድንጋይ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ያብለጨልጫል፤ የቱ ወለል የቱ ገደል እንደሆነ እኔም በደህና ዓይኔ አጎንብሼ ነው የለየሁት። መብራቴን ያገኘሁት ላይ፣ መግቢያው ጋ ነው። ሪባን የሚቆረጥበትን በር እንደ ሙሽራ መኪና ዙሪያውን አስጊጠውበታል። ደሜ ፈላ።

«ማን ነቀለው?» አልኩት የፕሮጀክቱን ኃላፊ። ለሁሉም ነገር «ይድመቅ» ነው የሚለው፤ ቃሏ ከአፉ አትጠፋም።

«ድምቀት ብለሽ አይደል የጻፍሽው? ድምቀት ደግሞ እንግዳ በሚገባበት ነው የሚያምረው። እታች ማን ያየዋል?»

«አባቴ።»

«አባትሽንማ ደግፈሽ ታወርጃቸዋለሽ» አለና ሳቀ። «በይ አሁን ፈርሚ፣ ሥራ አታስፈቺን።»

ያበገነኝ ሳቁ ነው። ከቦርሳዬ መነጽር አወጣሁ፤ መስታወቱን ቫዝሊን የቀባሁት አሮጌ መነጽር። ንድፍ በጨረስኩ ቁጥር እሱን አድርጌ በአባቴ ዓይን አያለሁ።

«ይቺን አድርገው እስከ ጠርዙ ይሂዱ፤ ከዚያ እፈርማለሁ።»

አብረን ወረድን። የሐዲዱ ኤሌክትሪክ ገና አልተለቀቀም፣ ባቡርም አልገባም፤ ያም ሆኖ ኮቱን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ። መጀመሪያ እየቀለደ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ እርምጃው አጠረ፤ ወለሉን በጫማው ይዳብስ ጀመር። በመጨረሻ ቆመና እጁን ወደ ኋላ ልኮ እጅጌዬን ፈለገ።

«ጠርዙ ገና ነው?»

«የጫማዎ ጫፍ አልፎታል።»

መነጽሩን አውልቆ ቁልቁል አየ። ከዚያ ኤሌክትሪሺያኖቹን ጠርቶ የበሩን መብራት ዛሬውኑ ወደ ቦታው እንዲመልሱ አዘዘ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ የኔም ንዴት አልበረደም። ንድፉን ዘርግቼ «ድምቀት» የምትለዋን ሰረዝኩና በቦታዋ «እዚህ ሰው ይወድቃል» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነው።