አሥራ አንድ ቀይ ነጥቦች

«ይሄን ማነው ግድግዳዬ ላይ የለጠፈው?»

ኃይለየሱስ የጮኸው ገና ከበሩ እንደገባ፣ የመጋዝ ብናኙን ከትከሻው ላይ ሳያራግፍ ነበር። ለምሳ ከሥራ ቦታው ሲመለስ የሳሎኑ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በወረቀት ተሸፍኖ ጠበቀው። ልጁ ረድኤት ወንበር ላይ ቆማ የመጨረሻውን ወረቀት በፕላስተር ታጣብቃለች። ሚስቱ እታፈራሁ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ የማይታዘዛትን ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ፣ ልጇን ታያለች።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች ረድኤት። «ሰኞ መምህሮቼ ፊት የማቀርበው የመመረቂያ ሥራዬ ነው። ለእማዬ እያሳየኋት ነበር፤ አሁን አነሳዋለሁ።»

ነገሩ እዚያው ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ኃይለየሱስ ኮቱን ሊሰቅል ዘወር ብሎም ነበር። ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት በአናጺነት የኖረ ሰው የቤት ፕላን አይቶ ሳያነበው አያልፍም። ሳሎን፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ በስተግራ ሁለት መኝታ፣ በስተቀኝ ጓዳ፣ ከጀርባ መጸዳጃ። ማዕዘኑን በገዛ እጁ ያቆመው፣ ጣሪያውን በገዛ እጁ የመታው የጎባ ቤቱ ነው። ፕላኑ ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም፣ እንደ ኩፍኝ፣ ቀይ ነጥብ ወጥቶበታል።

«ይሄ የኔ ቤት ነው» አለ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ቀይ ቀዩ ምንድን ነው?»

ረድኤት ከወንበሩ ወርዳ እናቷን አየቻት። መልሱን የሰጠችው እታፈራሁ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ደም ግፊት ድንገት ጥሏት ቀኝ ጎኗን ከያዛት ወዲህ ቃል የምታወጣው እየጎተተች፣ አንድ በአንድ ነው።

«የወደቅሁበት... ነው።»

ኃይለየሱስ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ በጣቱ ቆጠረ። አሥራ አንድ። ከእነዚህ ውስጥ እሱ የሚያውቀው ሁለቱን ብቻ ነው። አንዱ የእጇ አንጓ ተሰብሮ ሐኪም ቤት የወሰዳት ጊዜ ነው፤ ሌላው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወድቃ ራሱ ያገኛት። ዘጠኙን ማን አየ? ማን አነሳ?

መልሱ በዚያው ቅጽበት የወተት ጆግ ይዞ በጓሮ በር ገባ። ሰብሪና ጎረቤታቸው ናት፤ እሱ ሥራ ቦታው ሲውል ጠዋት ጠዋት እየመጣች እታፈራሁን የምታጥብና የምታለብስ።

«አካም ኦልተን፣ ጋሼ» አለች እንደ ልማዷ።

ሰላምታውን አልመለሰም። «አንቺም ታውቂያለሽ?» ብሎ ወደ ግድግዳው ጠቆማት።

ሰብሪና ወረቀቱን አየች፤ ሦስቱንም በየተራ አየች። ጆጉን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ወላሂ ልዋሽዎት አልችልም። ሰባቱን ያነሳኋት እኔ ነኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትነግሪው ብላ አስምላኝ ነዋ!»

በገዛ ቤቱ ሁሉም የሚያውቀውን ሳያውቅ ሁለት ዓመት እንደኖረ ሲገባው ኃይለየሱስን ንዴቱ ከእግሩ ጀምሮ እስከ ጆሮው አጋለው። ሰብሪናን የሚቆጣበት ቃል አጣ። ሚስቱን መቆጣት አልሆነለትም። የቀረችው ልጁ ናት።

«እና የቤቴን ገመና መምህሮችሽ ፊት ልታሰጪው ነው፤ እንዲህ ነው?»

«ገመና ላሰጣ አይደለም። ምክንያቱን ነው የጻፍኩት።»

ከፕላኑ ጎን ሰንጠረዥ አለ። በየነጥቡ አንጻር የወደቀችበት ሰዓትና ምክንያት ተጽፏል። መተላለፊያው ጨለማ ሆኖባት። ሲሚንቶው ረጥቦ አንሸራቷት። መጸዳጃው ጋ የምትይዘው አጥታ። አምስቱ ላይ ግን የተጻፈው አንድ ቃል ነው፦ ደፍ።

ደፍ! ያ ቃል ነው ጨርሶ ያሳበደው። ቤቱ ባለቀበት ዓመት ክረምቱ ከፍቶ ጎርፍ ሰፈሩን ሲያጥለቀልቀው፣ ውሃው የሱን የበር ደፍ ልሶ ነበር የተመለሰው። ስንዝር ከፍታ ያለው፣ ምስጥ የማይደፍረው የወይራ ግንድ። ጎረቤቱ ሁሉ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ እሱ ደረቅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እራቱን በላ። ከዚያ ወዲህ ጎባ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሁሉ «እንደ ኃይለየሱስ ደፍ አድርግልኝ» እያለ መጣ። የተራራው ብርድ በበር ሥር እንዳይሾልክ ብሎ በውስጥ በሮቹም ላይ ደገመው። ልጆቹን ያስተማረው በዚያ ስም በመጣ ሥራ ነው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ ተቀምጠሽ የአባትሽን ደፍ መክሰስ ነው ያስተማሩሽ?» አለ። «ሰው 'ልጅህ የመጋረጃ ትምህርት ነው የምትማረው' እያለ ሲያላግጥብኝ ስንቱን ተጣልቻለሁ! 'የኔን ሙያ ነው በሁለተኛ ዲግሪ የምትማረው፤ ኢንቴሪየር ዲዛይን ማለት ይሄ ነው' ብዬ አፉን ያስያዝኩት ስንቱን ነው! መጋረጃ በሆነ ይሻል ነበር።»

ረድኤት እስካሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትመልስለት። አሁን ግን ፊቷ ቀላ።

«ምን እንደምንማር አንድ ቀን ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

«ምን ትማሪያለሽ? ንገሪኝ እስቲ!»

«እኔም ስገባ ቀለም መምረጥ ነበር የመሰለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት መምህሯ አንድ እግራችንን በጣውላ አስራ 'ደረጃውን ውጡ' አለችን። ሳቅን፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ግን የሚስቅ አልነበረም። ጉልበቱን ያመመው ሰው ምን ያህል ከፍታ ካለው ወንበር መነሳት እንደሚችል ለካን። ያረጀ ዓይን ከወጣት ዓይን ስንት እጥፍ ብርሃን እንደሚፈልግ ተማርን። እሳት ቢነሳ ሰው በየት እንደሚወጣ፣ ድምፅ ከየትኛው ግድግዳ እንደሚነጥር፣ የትኛው ወለል ሲረጥብ እንደሚከዳ...» ትንፋሽ ወሰደች። «አንድ ሙሉ ሴሚስተር ደግሞ ሰውን መጠየቅ ብቻ ነው የተማርነው። ሰው ቤት ገብቶ፣ ባለቤቱን ሳያሳፍር፣ 'የት ጋ ይቸግርሃል?' ብሎ ጠይቆ የሚለውን መስማት። ያን ተምሬ መጥቼ ነው እናቴን ስንቴ ወደቅሽ ያልኳት። እርስዎ አንድ አልጋ ላይ እያደሩ አልጠየቋትም!»

ሰብሪና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ኃይለየሱስ እጁ ከሐሳቡ ቀደመ። ፕላኑን ከግድግዳው ላይ በአንድ ጊዜ መነጨቀው፤ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተቀደደ።

«ቤቴን ከመጽሐፍሽ አውጪ! ሰምተሻል? የሰው ቤት ሞልቷል፤ እሱን ሄደሽ ቁጠሪ!»

«ካወጣሁት እንደ አዲስ ልጀምር ነው። ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም።»

«አትመረቂያ!»

ምሳውን ሳይበላ በሩን ወርውሮት ወጣ።

ሥራ ቦታው ሁለት መታጠፊያ ራቅ ብሎ ነው። ከሮቤ የሚመጡ ባጃጆች ጥሩንባቸውን እየነፉ በአጠገቡ ሲያልፉ አንዱንም አላየም። እንደደረሰ መጋዙን አስነስቶ ጣውላ መቁረጥ ጀመረ። የመጀመሪያውን አጭር አድርጎ ቆረጠው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ሳይለካው ቆረጠና ወርውሮት ግድግዳው ላይ ሰበረው።

«አልጠየቋትም» ትለኛለች። እኔን! ለሐኪሙ፣ ለመድኃኒቱ ማን ነው የሮጠው? ጧት ማታ ጫማዋን የሚያደርግላት ማነው? አሥራ አንድ ጊዜ! ዘጠኙን እንደ ባዕድ ደበቁኝ!

መጋዙን አጥፍቶ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ ዝም ሲል ወረቀቱ እንደገና ዓይኑ ላይ ድቅን አለ። መኝታ ቤቱ በር ላይ ሁለት ነጥብ። ጓዳው ላይ ሦስት። መተላለፊያው... የአናጺ ልጅ ናትና ልኳ ትክክል ነው፤ ያን መካድ አልቻለም። የውጭው በር ግን ንጹህ ነው፤ ትልቁ ደፍ ላይ አንድም ነጥብ የለም።

እሱ ግን እዚያም ላይ መውደቋን ያውቃል።

ባለፈው ጥር ነው። ሮቤ የዘመድ ሠርግ ነበረባቸው። ሚኒባሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጥሩንባ ይነፋል፤ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ እነሱን ይጠብቃል። እታፈራሁ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ደርሳ፣ ደፉን ለመሻገር የቱን እግር እንደምታስቀድም ግራ ገብቷት ቆመች። እሱ ከውጭ ሆኖ «ቶሎ በይ እንጂ! ሰው አታስጠብቂ!» ብሎ ደህናውን እጇን ይዞ ሳባት። በግንባሯ ተደፋች። ከሁለታቸው በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ደሟን ጠርጎ፣ ሻሿን ዝቅ አድርጎ አሰረላትና ሄዱ። ሚኒባሱ ውስጥ ሴቶቹ ምን ሆነሽ ሲሏት «ጫማዬ... ነው» አለች። እሱም ጫማዋ ነው አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

ለልጇም አልነገረችም። አሥራ አንዱን ስትቆጥርላት ያን አንዱን ዘላዋለች።

ይሄ ግን ንዴቱን አላበረደለትም፤ ባሰበት እንጂ። በማን እንደሚናደድ ግን ከእንግዲህ አላወቀም። ጣውላውን እንደተበተነ ትቶ፣ ሥራ ቦታውን በጊዜ ዘግቶ፣ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሰብሪና ሄዳለች። ግድግዳው ተራቁቷል። ረድኤት መኝታ ቤት ሆና ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች፤ የተቀደደው ፕላን በፕላስተር ተያይዞ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እታፈራሁ ሲገባ እንዳየችው በግራ እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ መነሳት ጀመረች። ሊደግፋት ጠጋ አለ።

«አትንካኝ!»

እጁን ሰበሰበ። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። ረድኤት ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። እታፈራሁ እየተንቀጠቀጠች ቀጥ ብላ እስክትቆም ሁለቱም ጠበቁ።

«ቤቱ... ያንተ ነው» አለች። «መውደቁ ግን... የኔ ነው። የኔን መውደቅ... ለማን እንደምናገር... አንተ አታዝም።»

«ለምን ደበቅሽኝ ታዲያ?» አለ። ቁጣ አድርጎ ነበር የጀመረው፤ ሲጨርሰው ግን ድምፁ ተሰባበረ። «ባልሽ አይደለሁም?»

«ብነግርህ... ቤቱን ልትከላከል... ትነሳለህ። ዛሬም... ያደረግከው... እሱን ነው።» የተቀደደውን ወረቀት በአገጯ አሳየችው። «አሞሻል ወይ... አላልከኝም።»

ረድኤት እናቷን ደግፋ አስቀመጠቻትና አባቷን ሳታይ «ነገ በጧቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ» አለች። «ቤቱን አወጣዋለሁ። መምህሬን ደውዬ እነግራታለሁ።»

ኃይለየሱስ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። ስንጥቁ ቤቱን ከመካከሉ ከፍሎታል። ልጁ እንዳይታይ አድርጋ ልታጣብቀው ሞክራለች።

«ቀዩን እስክሪብቶ ስጪኝ» አለ።

«አባባ፣ አወጣዋለሁ አልኩዎት እኮ። አይሰርዙት።»

«ስጪኝ አልኩሽ!»

ረድኤት በጥርጣሬ ሰጠችው። ኃይለየሱስ ወፍራም ጣቶቹን ፕላኑ ላይ አሳርፎ የውጭውን በር ፈለገ። ደፉ ላይ፣ ልክ እንጨት ላይ ምልክት እንደሚያደርግ ተጭኖ፣ አንድ ቀይ ነጥብ አኖረ።

«ተወው... ኃይሌ» አለች እታፈራሁ። «እሱን... ተወው።»

«አልተውም። ወድቀሻል አይደል? ይቆጠር።»

ረድኤት አንዴ ነጥቡን አንዴ እናቷን አየች። እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልጅቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሰንጠረዡን ወደ ራሷ አቀረበችና ከአሥራ አንደኛው መስመር በታች አሥራ ሁለት ቁጥርን ጻፈች።

«መቼ ነው?» ስትል ጠየቀች። ድምፅዋ እንግዳ ሰው ቤት ገብታ እንደምትጠይቅ ሆነ።

«ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ። የሮቤው ሠርግ ቀን። ጧት ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ።»

«ምክንያቱ... ደፍ ልበል?»

«አይደለም» አለ ኃይለየሱስ። «'ባሏ ጎትቷት' ብለሽ ጻፊ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ። «አባባ፣ መምህሮቹ ያነቡታል እኮ። ሰኞ ሰው ሁሉ ፊት ነው የሚቀርበው።»

«ያንብቡት!» አለ። አሁንም እንደተቆጣ ነበር፤ እስክትጽፈው ድረስም ከአጠገቧ አልተነቃነቀም።