የጠፈሬ በረራ

ታናሽ ወንድሟ «እታለም» ነው የሚላት፤ እኛም እንደሱ እንበላት። የእታለም ሥራ ሮቦት መንዳት ነው። ሮቦቱ ጠፈር ላይ ካለ ጣቢያ ውጭ ተንጠልጥሎ ቡሎን ይፈታል፤ እሷ እዚህ ምድር ላይ፣ ስፖንጁ የተቀደደ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጆይስቲክ ትገፋለች። የትእዛዟ ምልክት ሮቦቱ ጋ ደርሶ የካሜራው ምስል እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ኦፕሬተር ትንሽ ነክቶ፣ እጁንም አፉንም ሰብስቦ ይጠብቃል። ቸኩሎ የደገመ ጉድ ይሠራል። ልማዱ ቤቷ ድረስ ተከትሏት፣ «ራት ቀርቧል» ሲሏት እንኳ ቆይታ ነው «እሺ» የምትለው። ወንድሟ «ምልክቱ ገና አልደረሳትም!» እያለ ይስቅባታል።

እሱን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ «ጠፈሬ» ነው የሚሉት። ጠፈርተኛ ልሁን ብሎ ወጣትነቱን የጨረሰ ሰው ነው። ሠልጥኖ፣ ተፈትኖ፣ ልብሱ ሁሉ በልኩ ተሰፍቶለት፣ የጣቢያውን የተበላሸ ፓምፕ ሊቀይር ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ታዲያ እታለም የፓምፑን ክዳን በሮቦቱ ከፈተችው። የመቆጣጠሪያው አዳራሽ በጭብጨባ ቀለጠ። እሷን ግን ላብ አጥምቋታል። አንዱ ቡሎን ሊሰበር ምንም አልቀረውም ነበር፤ የቡሎን ጥርስ ሲበላ የሰው እጅ ያውቃል እንጂ ሮቦት ከየት አምጥቶ! የተወጣችው በዕድሏ ነው።

በማግስቱ፣ «ሮቦቱ ከቻለ ሰው መላክ ለምን ያስፈልጋል?» ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ጠፈሬ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ኃላፊው ወደ እሷ ዞሩና «ሰው ካልሄደ አይሆንም የምትዪው ነገር አለ?» አሏት።

አለ እንጂ! መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እንደ ልማዷ ቆየት አለች። እዚያች መሃል፣ ወይ አበሳዋ፣ ወንድሟ ጨለማ ውስጥ በገመድ ተንጠልጥሎ ታያት። አሁን አፏን የያዘው ልማድ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

«ከሌለማ በረራው ተሰርዟል» አሉ ኃላፊው፣ ብድግ እያሉ።

ተከትላ መንገር ትችል ነበር። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ሰውዬውም ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። አልተከተለችም።

ማታ ጠፈሬ ቤቷ መጣ። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ግን ልጁ ደግ ነው፣ ለእሷም ቢሆን መውጫ አዘጋጅቶላት ነው የመጣው።

«እታለም» አላት፣ ሊስቅ እየሞከረ። «ምልክቱ ዘግይቶብሽ ነው፣ አይደል?»

«አዎ» አለችው፣ ገና አፉን ሳይዘጋ።

ጠፈሬ ቀና ብሎ አያት። በዕድሜዋ እንዲህ ቶሎ መልሳለት አታውቅም።