የዳሪል ቀለሆች

ኦርሊን የቀለህ መጭመቂያ ማሽኑን እጀታ ወደ ታች ሲስብ ክንዱ ድንገት ቀለለው፤ አለ ብሎ የሌለ ደረጃ እንደረገጠ ሰው ወደ ፊት ተንገዳገደ። ማሽኑ ውስጥ የገባችው ቀለህ ምንም ሳትታገል አልፋ ነበር።

ከእሷ በፊት ያለፉት በሙሉ ታግለውታል። የትሬንት ነበሩ፤ የምራቱ አዲስ ሰው። የትሬንት ጠመንጃ፣ ጥይት የሚገባበት ጉሮሮዋ ሰፊ ነው። ጥይት ሲተኮስባት የቀለሁ ናስ ተለጥጦ በዚያው ስፋት ይቀራል፤ ባሩድ ተሞልቶ እንደገና እንዲተኮስ ከተፈለገ ማሽኑ በብረት ሻጋታው ጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ አለበት። እጀታው በተሳበ ቁጥር አንዷ ቀለህ ትጨመቅና የተቃጠለ መለኮሻዋን ትተፋለች፣ የሌላዋ አንገት በሞተሩ ይከረከማል፣ ያለቀላት ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ቅጭል ብላ ትወድቃለች። ክንድ ካልሰነፈ የአንድ የአደን ወቅት ቀለህ ምሳ ሳይደርስ ያልቃል። ክንድ ግን መሳብ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ይሰማል። የኦርሊን ክንድ አሁን የሰማው የልጁን የዳሪልን ጠመንጃ ነበር።

ሞተሩን አጠፋ።

የዳሪል ጠመንጃ ጠባብ ናት። ልጁ ኮሪናን ያገባ ጊዜ፣ ጉሮሮዋን አጥብቦ እንዲቀድለት ለጠመንጃ ሠሪው ያዘዘው ራሱ ኦርሊን ነው። ከእሷ የወጣ ቀለህ አያብጥም፤ ሻጋታው ውስጥ ሾልኮ ይገባል። አሁን ጠመንጃዋ ካዝና ውስጥ ናት፣ ዳሪል ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ። የበረዶ ናዳ በረዶ ላይ ከሚነዳት ሞተር ጋር ወስዶት፣ ያገኙት በረዶው እስኪቀልጥ ጠብቀው ነው፤ የሞንታና በረዶ ለመቅለጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ማንም አባት እንዲህ ሊያውቀው አይገባም።

ዳሪል ለመጨረሻ ጊዜ የተኮሳቸው ቀለሆች መደርደሪያው ላይ በቡና ቆርቆሮ ተቀምጠው ነበር። ኦርሊን ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካቸውም። ቀለህ የተተኮሰበትን ጉሮሮ ቅርጽ ይዞ ይኖራል፤ ሻጋታ ውስጥ ካልገባ በቀር አይለቀውም። ይህን እያሰበ ነበር በቆርቆሮው አጠገብ ሲያልፍ የኖረው። አሁን ቀና ብሎ ሲያይ ቆርቆሮው ቦታው ላይ የለም። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተደፍቷል።

"ወይ አንተ ትሬንት" አለ ለራሱ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

የጋራዡ በር ተከፈተና ኮሪና ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንኳ ዓርብ ዓርብ ለአማቷ ምግብ ይዛ መምጣት አልተወችም። በድንችና በተፈጨ ሥጋ የተሞላውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"አባባ፣ ገና ነዎት እንዴ? ትሬንትማ ነገ ጎህ ሳይቀድ ተራራው ላይ ካልተገኘን ብሎ ነፍሱ ልትወጣ ነው።"

"የታለ?"

"ውጭ፣ መኪናው ውስጥ።"

"ለምን አይገባም?"

"ይፈራዎታላ! አጋዘን ቢሆኑ ኖሮ እስካሁን ተኩሶብዎት ነበር፤ አማት ሆነው ግን ምን ያድርግዎት" ብላ ሳቀች።

ኦርሊን አልሳቀም። ቆርቆሮውን አነሣላት። "ይህን ማን አጠበው?"

ሳቋ ጠፋ። "እሱ ነው። ረቡዕ ዕለት የራሱን ሊያጥብ መጥቶ... ሁሉም አንድ ዓይነት ጥይት ነው፣ አንድ ላይ ይታጠብ፣ ማሽኑ እኩል ያደርጋቸዋል አለ። እርስዎን ደስ ላሰኝ ብሎ እኮ ነው አባባ።"

"እኩል ያደርጋቸዋል" አለ ኦርሊን ቃሉን እየደገመ። እውነት ነው፤ ማሽኑ የተሠራው ለዚሁ ነው። ሆዱን ያቃጠለውም እውነት መሆኑ ነበር።

ወደ ካዝናው ሄዶ ከፈተ። የዳሪል ጠመንጃ ማቀባበያዋ እንደተከፈተ፣ ጉሮሮዋ ባዶ እንደሆነ ቆማለች። የኦርሊን ሕግ ይህ ነው፤ ማቀባበያው የተዘጋ ጠመንጃ ካዝና አይገባም። ዳሪል በልጅነቱ አንድ ቀን ቢረሳ የዓመቱ አደን ቀርቶበታል። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደማትና ቀለሆቹ ከተደባለቁበት ባልዲ አንድ ቀለህ አንሥቶ አጎረሳት። ማቀባበያው አልዘጋም አለ፤ ያበጠ የትሬንት ቀለህ ነበር። ወደ ጎን ወረወረው። ሌላ ሞከረ፤ ይህኛው ያለ ድምፅ ተዘጋ።

"የእሱ ናት" አለና ለብቻዋ አስቀመጣት።

ኮሪና እጆቿን አጣጥፋ አየችው። "ባልዲውን በሙሉ እንዲህ ሊለቅሙት ነው?"

"አዎ።"

"አደኑ ነገ እኮ ነው።"

"ይሁና።"

"ክረምቱን የምንበላው እኮ ያን ሥጋ ነው። ምን ብዬ ልንገረው?"

"የአንዱ ጠመንጃ ቀለህ ከሌላው አይቀላቀልም በይው። ይህን የማያውቅ ወንድ ከየት ፈልገሽ አመጣሽ?"

ከአፉ ሲወጣ ቆጨው፤ ግን ወጥቷል። ከዳሪል የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ዛሬ ተቀይማ ከሄደች የሚመጣው ዓርብ በሩን የሚያንኳኳ ሰው እንደማይኖር ያውቃል።

ኮሪና ግን አልሄደችም። ማሽኑ አጠገብ ያለውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የዳሪል በርጩማ ነበር፤ ከእሱ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ጠመንጃዋን ወደ ራሷ አዙራ አንድ ቀለህ አጎረሰቻትና ማቀባበያውን በመዳፏ ገፋችው። ተዘጋ።

"ይቺም የእሱ ናት" አለች። እጇን ሳታነሣ ጠየቀችው። "አባባ፣ እጀታው ይሰማዎታል?"

"የቱ እጀታ?"

"የዚህ ማሽን። ቤት ውስጥ ሆነው፣ እዚህ ማንም ሳይኖር።"

ኦርሊን አብዷል እንዳይባል ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። መጀመሪያ እጀታው ያንቋቋል፣ ቀጥሎ ቅጭል ይላል፣ ከዚያ ዳሪል በጥርሱ መሐል የሚያፏጫት ያቺ መላ ቅጥ የሌላት ዜማ ትመጣለች።

"ይሰማኛል" አለ።

"እኔ ጫማውን ነው የምሰማው። በር ላይ በረዶውን ሲያራግፍ። በሰማሁ ቁጥር እየተነሣሁ ከፈትኩለት አባባ። ትሬንትን ያስገባሁት ዳሪልን ረስቼው አይደለም። ለሌለ ሰው በር እየከፈትኩ መኖር አቅቶኝ ነው።"

በዚህ መሐል ከማሽኑ ሳጥን ውስጥ ቅጭል አለ።

ሁለቱም ዞሩ። እጀታው አልተነካም። ኦርሊን ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶታል፤ መውረጃው ላይ ተንጠልጥላ የቆየችው ያቺ ቀላሏ ቀለህ ናት የወደቀችው። ገብቶትም ግን ጸጉሩ ቆመ። ኮሪና እጅጌውን ጨምድዳ ይዛለች። የሚያፏጭ ሰው እንዳለ አዳመጡ።

"ጥሪው" አለ ኦርሊን በመጨረሻ። "መጥቶ እጀታውን ይሳብ። እኔ ትከሻዬ ደከመ።"

ትከሻው አልደከመም፤ ይህን እሷም ታውቃለች።

ትሬንት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። ግዙፍ ነው፤ ጆሮዎቹ በብርድ ይሁን በሐፍረት ቀልተዋል። ጠመንጃዋንና ቆርቆሮውን ሲያይ ነገሩ ገባው።

"ጋሽ ኦርሊን፣ አጠፋሁ መሰለኝ።"

"አዎ፣ አጥፍተሃል። ና እዚህ ቁም።"

ኦርሊን የለያትን ቀለህ አንሥቶ ባልዲው ውስጥ መልሶ ጨመራት። ሞተሩን አስነሣ። ትሬንት እጀታውን ይዞ መሳብ ጀመረ፤ ኦርሊን ከጎኑ ሆኖ ቀለሆቹን በቅባት እያለሰለሰ ያቀብላል። ዳሪልም በሕይወት ሳለ የሚቆመው አሁን ትሬንት የቆመበት ቦታ ነበር።

"ቀስ! ምስማር እየነቀልክ መሰለህ እንዴ?"

ለዳሪል ሲለው የኖረው ነው። ሳያስበው መጣ። ኮሪና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ትሬንት ቀስ አለ። አንዳንዴ እጀታው ይቀለዋል፤ እሱ ልብ አይልም፣ ኦርሊን ግን እያንዳንዷን ከድምፅዋ ለይቶ ያውቃታል። አንድ በአንድ ገቡ፣ ተጨመቁ፣ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነው ሳጥኑ ውስጥ ወደቁ። ባልዲው ሲያልቅ የቱ የማን እንደነበር ክንዱም ሊለይ አይችልም ነበር።

ትሬንት እጁን ጠራርጎ ጠረጴዛው ላይ ወደ ተጋደመችው ጠመንጃ አየ። የቤቱን ሕግ ኮሪና ነግራዋለች፤ ዛሬ ሁለተኛ እንዳያጠፋ ተጠንቅቋል።

"ጋሽ ኦርሊን፣ ማቀባበያዋ ተዘግቷል። ካዝናው ውስጥ ከመግባቷ በፊት ከፍቼ ልያት?"

ኮሪና ከመስኮቱ ዞረች። ቅድም አጉርሳ የዘጋችባት የዳሪል ቀለህ እዚያው ውስጥ ናት። አማቷን አየችው።

"ተዋት" አለ ኦርሊን። "ባዶ ናት።"

ጠመንጃዋን እንደተዘጋች አንሥቶ ካዝናው ውስጥ አቆማትና ቆለፈባት።