የሣህሌ ጆሮ

ሣህሌ ከመወለዱ በፊት እናቱ ወይዘሮ አፀደ ሦስት ወንዶች ልጆች ቀብረው ነበር። እሱ ሲወለድ ሞት ሴት መስሎት እንዲያልፈው ብለው ቀኝ ጆሮውን አስበስተው ትንሽ የብር ጉትቻ አንጠለጠሉለት። በተወለደባት በሁሩታ እንዲህ ያለ ጆሮ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ሴቶች ሲያዩት «ለእናትህ ያቆይህ» ይሉታል። እኩዮቹ ደግሞ «የሞት ትራፊ» ይሉታል። ዛፍ እንዳይወጣ፣ ወንዝ ውስጥ እንዳይዋኝ ይከለከላል። የሚኖረው ዕድሜ የራሱ ሳይሆን የእነዚያ የማያውቃቸው ወንድሞቹ ይመስለው ነበር።

አሰላ ገብቶ ጋሪ መንዳት ሲጀምርም፣ ሚስት ሲያገባም ጉትቻው አብሮት ነበር። አብዮቱ ከፈነዳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር ወልደጻድቅ በስብሰባ ላይ ስለ ጎጂ ልማድ ሲናገር ዓይኑ እሱ ላይ አረፈ።

«ጓድ ሣህሌ፣ በዚህ ዘመን ሞትን በጉትቻ የሚያታልል ሰው አለ?»

ሰው ሳቀ። ሣህሌ ተነሳና ጉትቻውን አውልቆ ኪሱ ከተተው። ሊቀመንበሩ ሊያሳፍረው ነበር፤ እሱ ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰውነቱ ቀሎት ነበር። ለሚስቱ ለእታገኘሁ «ዛሬ ገና ተወለድኩ» አላት። እሷ ባዶውን ቀዳዳ በጣቷ ነካ አደረገችው።

ሁለት ልጆች ሞተውባቸው ስለነበር ሦስተኛው ተክለወልድ ሲወለድ እታገኘሁ ፈራች።

«የዚህን ጆሮ እናስበሳ» አለችው።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ያንቺ ጆሮ የተበሳው ለጌጥ ነው። የኔን የበሳው ፍርሃት ነው። ልጄ ገና ጡት ሳይጥል ‹ልትሞት ነበር› ሲባል ማደግ የለበትም። እንደ ሰው ልጅ ይደግ።»

«ይደግ ነው እኮ እኔም የምለው።»

ክርክሩ በዚያው ቀረ። ተክለወልድ መራመድ እንደጀመረ ሰፈሩ ውስጥ ኩፍኝ ገባ። ሣህሌ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ በጋሪው ሐኪም ቤት አደረሰው፤ መርፌም ተወጋ፤ አልዳነም። በዚያው ሳምንት የጎረቤታቸው የከዲሮ ሴት ልጅም ሞተች። የእሷ ሁለቱም ጆሮዎች የተበሱ ነበሩ። ሣህሌ ይህን ለእታገኘሁ ሊነግራት አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ተወው።

ወይዘሮ አፀደ ከሁሩታ ለለቅሶ መጡ። ሰዉ ቀለል ሲል አጠገቡ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ጆሮው ሰደዱ።

«መቼ አወለቅከው?»

«ቆይቷል፣ እማዬ።»

«የልጅህንም ሳታስበሳ ቀረህ።»

«አዎ። የብር ቁራጭ ሰው አያድንም ብዬ ነው።»

«እሱንማ እኔም አላጣሁትም» አሉ እናቱ። «ግን ምንም ሳላደርግ ብትሞትብኝ ኖሮ ከራሴ ጋር እንዴት እኖር ነበር?»

ሣህሌ ለዓመታት የተሸከመው ጌጥ የእሱን ሕይወት ሳይሆን የእናቱን ልብ ሲጠብቅ እንደኖረ ያን ጊዜ ገባው። እታገኘሁንም የከለከላት ይህንኑ ነበር።

ከአርባው በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። እታገኘሁ አልወቀሰችውም። ምሳውን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ ፊቱን ግን አታይም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ልብሷን ስትቋጥር አገኛት።

«አቦምሳ እህቴ ጋ ልሄድ ነው» አለችው።

«ብናስበሳውም ይሞት ነበር፣ እታገኘሁ።»

«ይሆናል። እኔን የገደለኝ ይኸው ‹ይሆናል› ነው።»

አልከለከላትም። ፈረሱን ጠምዶ በጋሪው መናኸሪያ አደረሳት። ጓዟን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ራሱ ጫነላት፤ እሷም በመስኮቱ በኩል «እናትህን ጠይቅ፣ አትራቃቸው» አለችው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አንዲት ሴትዮ ጆንያ እህል ይዛ ጋሪ ፈልጋ ተጣራች። ሣህሌ ሄዶ ጆንያውን ተቀበላት።